ለባሕር ዳር አንጋፋ አሽከርካሪዎች፦ የመኪና ኢንሹራንስ አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ጡረታ ከወጡ በኋላም የራስዎን መኪና ይነዳሉ እንበል። ጠዋት ጊዮርጊስ ያደርስዎታል። ቅዳሜ ገበያ ይወስድዎታል። ልቅሶ ወይም ሰርግ ሲኖር ደግሞ እስከ መራዊ፣ እስከ ወረታ ይዘልቃሉ። ቦሎ ሲደርስ ሦስተኛ ወገን ይገዛሉ፤ ወረቀቱን መኪናው ኪስ ውስጥ ከተው ዓመት ሙሉ ይረሱታል።

አብዛኛው ሰው ኢንሹራንስ ሲያስብ ስለ ጭረትና ስለ ተሰበረ ፍሬቻ ያስባል። የኔ ምክር ከዚያ ይለያል። በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው ትንሹ ጉዳት ያናድዳል እንጂ አይጥልም። የሚጥለው ትልቁ ነው፤ ሰው ተገጭቶ የሚጠየቅ ካሳና መኪናው ጨርሶ መውደሙ። ስለዚህ ገንዘብዎን ትልቁ ላይ ያውሉ፤ ትንሹን በራስዎ ይቻሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

1. ሦስተኛ ወገን ምን እንደማይሸፍን ይወቁ

ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ እሱ መኪና መንገድ ላይ ማውጣት አይቻልም፤ ቦሎም አይታደስም። የሚሸፍነው በእርስዎ መኪና የተጎዳን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት ነው። የእርስዎን መኪና አይጠግንም። መሪውን የያዙት እርስዎም ከተጎዱ ማሳከሚያ አይከፍልም።

ዋናው ግን የካሳው ጣሪያ ነው። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር። ጣሪያው በሚወጣ ደንብ ሊሻሻል ስለሚችል ሲገዙ «ዛሬ የሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ጣሪያው ስንት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ በዐይንዎ ያረጋግጡ። ከዚያ አሁን መንገድ ላይ የሚያዩዋቸውን መኪኖች ዋጋ ያስቡ። አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቢገጩ የፊት መብራቱና ፓራውልቱ ብቻ ስንት ይሆናል?

2. ከጣሪያው በላይ ያለውን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ

መልሱ አጭር ነው፤ እርስዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያልፈቀዱለት ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳ። መኪናው ተሰርቆ እያለ የደረሰ ጉዳት ሲሆን ነው ሕጉ የሚለየው። የወንድም ልጅ ቁልፉን ከጠረጴዛ አንሥቶ ቢወጣስ? ኃላፊነቱ ሊብሬው ላይ ስማቸው ያለው ሰውዬ ጋ ይመጣል።

ሠላሳ ዓመት ሠርተው ያቆሙት ቤት አለ። ካሳ የተፈረደለት ሰው ዐይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ያውጡና በአንድ በኩል ያለዎትን ይጻፉ፤ ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ተቀማጭ፣ የጡረታ አበል። በሌላ በኩል ሳይበደሩ፣ ልጆችን ሳያስቸግሩ በአንድ ወር ውስጥ አውጥተው መክፈል የሚችሉትን የገንዘብ መጠን ይጻፉ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ቀጥሎ ለሚመጣው ውሳኔ ሁሉ መለኪያዎ ነው።

እናም ኢንሹራንስ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ስለ ዓረቦን (ለኢንሹራንሱ ስለሚከፍሉት ክፍያ) አይሁን። «ከግዴታው በላይ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ጣሪያ ከፍ ማድረግ ይቻላል? ስንት ድረስ? ስንት ይጨምራል?» ይበሉ። ሰው «ፉል» ብሎ የሚጠራው ሙሉ ዋስትና ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይዞ ይመጣል። መጠኑ ግን ከውል ውል ይለያያል። ይህን ማስጨመር መኪናውን ራሱን ከማስገባት ርካሽ መሆኑ የተለመደ ነው። አቅምዎ አንድ ነገር ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ እኔ ብሆን ከላሜራው በፊት ይህን እገዛ ነበር።

3. መኪናው ስንት እንደሚያወጣ ዛሬ ያጣሩ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንየው።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የአሮጌ ቪትዝና የኮሮላ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ብዙ አንጋፋ ሰዎች ግን የመኪናቸውን ዋጋ ኢንሹራንስ ላይ ያስመዘገቡት ከዚያ በፊት ነው። በየዓመቱ «እንዳለፈው አድርገህ አድስልኝ» ይላሉ፤ የኢንሹራንስ ቤቱ ወጣትም ያድሳል።

ችግሩ የሚታየው አደጋ ሲደርስ ነው። ለምሳሌ መኪናው በገበያ 2,000,000 ብር ያወጣል፤ የተመዘገበው ግን 1,200,000 ነው። ይህ ማለት 60 በመቶው ብቻ ነው ኢንሹራንስ የተገባለት። ለቀሪው 40 በመቶ የራስዎ ኢንሹራንስ እርስዎ ነዎት። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብልዎ 180,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ገና ኤክሰስ (ከጉዳቱ እርስዎ የሚችሉት ድርሻ) ይቀነሳል። ብዙ ሰው «ጉዳቴ እኮ ከ1,200,000 በታች ነው፣ ለምን ሙሉውን አይከፍሉኝም?» ብሎ ይቆጣል። ስሌቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ዓረቦኑ በመቶኛ ስለሚሰላ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ያጓጓል። ለማሳያ ያህል 2 በመቶ ነው ብንል በ1,200,000 ላይ 24,000 ብር፣ በ2,000,000 ላይ 40,000 ብር ይሆናል። 16,000 ብር አተረፍኩ ሲሉ ከላይ ባለው አደጋ 120,000 ብር ያጣሉ።

በተቃራኒው ዋጋውን አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅም። ኢንሹራንስ የሚክሰው የደረሰውን ጉዳት እንጂ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም። ዓረቦኑን በከንቱ ይከፍላሉ።

ታዲያ ትክክለኛውን ዋጋ እንዴት ያገኛሉ? ሁለት ሦስት የመኪና ደላላ ይጠይቁ፤ ግን እንደሚሸጥ ሰው ሳይሆን እንደሚገዛ ሰው ሆነው። ለሻጭ የሚነገረው ዋጋና ለገዢ የሚነገረው ዋጋ አንድ አይደለም። እርስዎ የሚፈልጉት መኪናው ቢወድም ሌላ ተመሳሳይ ለመግዛት የሚያስፈልግዎትን ነው። ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና የሄደውን ኪሎ ሜትር በትክክል ይንገሯቸው። ያገኙትን ይዘው ወደ ኢንሹራንሱ ይሂዱና የእነሱ ባለሙያ መኪናውን አይቶ እንዲስማማ ያድርጉ።

መኪናው ካረጀ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ብዙ ውሎች ላይ በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ ሲገጠም የእርጅና ተቀናሽ አለ። የፊት መብራት ቢቀየርልዎ የዋጋውን ከፊል እርስዎ ይችላሉ ማለት ነው። ስንት በመቶ እንደሆነና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚቀነስ ያስነግሩ። ተቀናሹ ከበዛ ሙሉ ዋስትና ለእርስዎ መኪና ላያዋጣ ይችላል። ያኔ ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይዘው፣ ከተቻለም እሳትና ስርቆት ጨምረው መቆየት የተሻለ ይሆናል።

4. ማን እንደሚነዳውና ለምን እንደሚነዳ እውነቱን ይናገሩ

ውሉ ላይ «የግል አገልግሎት» ተብሎ ከተጻፈ መኪናው የግል ነው። ኮድ 2 ታርጋ ይዞ ልጅዎ ማታ ማታ ሰው በክፍያ ቢያመላልስበት፣ በዚያ ሰዓት የደረሰ አደጋ ካሳ ሊያስከለክል ይችላል። የሰርግ መኪናም እንዲሁ። ለዘመድ ሰርግ አበባ ለጥፎ በነፃ ማጀብ አንድ ነገር ነው። ተከራይቶ ማጀብ ሌላ ነው። ጥር ሲደርስ «አንድ ቀን ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘብ ከተቀበሉ ኪራይ ነው።

ወጣት ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አጭር ጊዜ የሆነው ሰው ቢነዳ ብዙ ውሎች ተጨማሪ ኤክሰስ ይጥላሉ። ቤት ውስጥ የሚነዱትን ሁሉ ስም ዝርዝር ይስጡ። የመንጃ ፈቃዳቸው ደረጃ ለመኪናው የሚሆን መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንም ይዩ። የራስዎንም ጭምር። ጊዜው ባለፈ መንጃ ፈቃድ መንዳት ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ለማለት የሚመዘው የመጀመሪያው ካርድ ነው።

5. ዕድሜና ጤናን አይደብቁ

እኛ አገር የዓረቦኑ ዋና መነሻ የመኪናው ዋጋ፣ ዓይነቱና አገልግሎቱ ነው። ስለዚህ «ዕድሜዬን ከነገርኳቸው ይጨምሩብኛል» ብለው ብዙ አይስጉ። የሚያሰጋው መደበቁ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ውል ሲገቡ ኢንሹራንሱ አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን የሚያውቁትን ሁሉ የመናገር ግዴታ አለብዎት። ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ያፈርሳል። ስኳር ካለብዎ፣ የዐይን ሞራ ካስገፈፉ፣ ፎርሙ ላይ ከተጠየቁ እንዳለ ይጻፉ። ፎርሙን ወኪሉ ከሞላልዎ ሳያነቡ አይፈርሙ። መነጽርዎን ረስተው ከሄዱ ነገ ይመለሱ።

ዕድሜ በግልጽ የሚቆጠረው ለአሽከርካሪው ራሱ በሚገባው የሰው አደጋ ዋስትና ላይ ነው። እዚያ የዕድሜ ጣሪያ መኖሩ የተለመደ ነው። 68 ዓመት የሆናቸው ሰው 65 ላይ ለሚያቆም ሽፋን በየዓመቱ ቢከፍሉ ገንዘባቸው ጣና ገባ ማለት ነው። «እኔን በዚህ ዕድሜዬ ይሸፍነኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

6. «ፉል ነው» ሲሉዎ ዝርዝሩን ያስወጡ

«አባባ፣ ፉል ነው፣ ሁሉንም ይይዛል» ይላል ልጁ፣ በትሕትና። እርስዎም በትሕትና «ልጄ፣ የማይይዘውን ንገረኝ» ይበሉት። ውሉ ላይ «የማይካተቱ» የሚል ክፍል አለ። መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። ለእኛ ከተማ ሰው የሚከተሉትን ነጥሎ መጠየቅ ይገባል።

ጦርነት፣ የእርስ በርስ ግጭትና ሁከት በመደበኛ ውል አይካተቱም። በኢንሹራንስ ቤት አነጋገር «ቢኤስጂ» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ ወንበዴ፣ ሽፍታና ታጣቂ የሚያደርሱትን ጉዳት ለመያዝ ነው። ከከተማ ወጥተው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚነዱ ከሆነ ይህን ሳያነሡ አይፈርሙ። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው ዓይነት ድርጊት እንደሚካተት ዝርዝሩን ያስነብቡ። «ቢኤስጂ አለው» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

የክረምት ውሃም አለ። ዝናቡ ሲበረታ ቦዩ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ውሃ የሳበ መኪና ክርክር ያስነሣል፤ ጎርፍ ነው ወይስ የሞተር ብልሽት? የሞተር ብልሽት በመደበኛ ውል አይካተትም። ጎርፍ በስም ተጠቅሶ መካተቱን ይዩ። ምክሬ ግን ከኢንሹራንሱም ይቀድማል፤ የውሃውን ጥልቀት ካላወቁ ይመለሱ።

ስፖኪዮና መለዋወጫ ጎማ ተፈትቶ ሲወሰድ መኪናው አብሮ ስላልተሰረቀ ብዙ ጊዜ አይከፈልም። ጎማ መፈንዳትና በዘጌ መንገድ የተጎዳ ሞላ እርጅና ተብሎ ይታለፋል። እነዚህን ከኪስዎ እንደሚችሉ አድርገው ይቁጠሩ።

ተሳፋሪዎችን በሚመለከት፦ ባለቤትዎን፣ የልጅ ልጆችን፣ የሰንበቴ ጓደኞችን ይጭናሉ። ለተሳፋሪ የሚኖረው ኃላፊነት በውሉ መያዙን፣ ለስንት ሰውና እስከ ስንት ብር መሆኑን ይጠይቁ። ለቤተሰብ አባል የተለየ ገደብ ካለም ያስነግሩ።

7. ኤክሰሱን ከፍ ማድረግን ያስቡበት

ኤክሰስ በእያንዳንዱ ጉዳት መጀመሪያ እርስዎ የሚከፍሉት ድርሻ ነው። ለምሳሌ «የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ከ5,000 ብር የማያንስ» ሊል ይችላል። ባጃጅ ፓራፋንጎዎን ጭሮ ጋራዥ 8,000 ብር ቢጠይቅ ከኢንሹራንሱ የሚያገኙት 3,000 ነው። ለዚህ ብለው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ካቀረቡ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጥዎት ክሌም ያለማቅረብ ቅናሽ ሊቀር ይችላል። ስሌቱን ሲያደርጉ ዝም ብሎ መጠገኑ ይሻላል።

ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የጻፉትን ቁጥር ያውጡ። 30,000 ብር ሳይቸገሩ መክፈል ከቻሉ ከፍ ያለ ኤክሰስ ተቀብለው ዓረቦኑ ይቀነስልዎ እንደሆነ ይጠይቁ። የተረፈውን የሦስተኛ ወገን ጣሪያ ማሳደጊያ ያድርጉት። ባሕር ዳር ባጃጅና ብስክሌት የሞላባት ከተማ ናት፤ ትንሽ ጭረት አይቀርም። ለእያንዳንዷ ጭረት ኢንሹራንስ መጥራት አያዋጣም።

8. ድርጅቱን በካሳ አከፋፈሉ ይምረጡ

የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ የግሎቹ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። ከሦስት ቦታ በጽሑፍ ዋጋ ይውሰዱ። ሦስቱም ላይ የመኪናው ዋጋ፣ ኤክሰሱና ተጨማሪ ሽፋኖቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አለበለዚያ ማወዳደር አይቻልም። በወኪል የሚገዙ ከሆነ ወኪል የሚሠራው ለኢንሹራንሱ መሆኑን ያስታውሱ። ብሮከር ግን ለደንበኛው ነው የሚቆመው።

ለባሕር ዳር ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ራሱ እስከ ስንት ብር ካሳ መወሰን ይችላል?» ከዚያ በላይ የሆነው ፋይል ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ወረፋ አለ። ቀጥሎም ከየትኞቹ ጋራዦች ጋር እንደሚሠሩ ይጠይቁ። ከዚያ ጋራዡ ድረስ ሄደው ባለቤቱን «ከእነዚህ ውስጥ ቶሎ የሚከፍልህ ማን ነው?» ይበሉት። ጋራዥ ማንም የማይነግርዎትን ያውቃል።

9. አደጋ ሲደርስ ሽምግልናው ይቆይ

በእድሜ ለገፋ ሰው ይህ ከባድ ነው። መንገድ ላይ ግጭት ሲፈጠር ሰው ይሰበሰባል፤ አንድ ሽማግሌ መሐል ይገባል፤ «በቃ ተነጋገሩ፣ ፖሊስ ምን ያደርጋል» ይባላል። እርስዎም ነገር አይወዱም፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሳክመዋለሁ» ይላሉ። የጨዋ ሰው ንግግር ነው። ውሉ ግን ኢንሹራንሱ ሳይስማማ ጥፋት ማመንንና ካሳ ለመክፈል ቃል መግባትን ይከለክላል። በሽምግልና ከጨረሱና ከከፈሉ በኋላ ገንዘቡን ከኢንሹራንሱ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ሰው ከተጎዳ ከሁሉ በፊት ሕክምና ነው፤ ፈለገ ሕይወት ይሁን ሌላ ቅርብ ሆስፒታል። አዋጁ ለድንገተኛ ሕክምና የሚውል ገንዘብ አስቀምጧል፤ ደረሰኙን ይያዙ። ተጎጂን መጠየቅ፣ ብርቱካን ይዞ መሄድ፣ ቤተሰቡን ማጽናናት ማንም አይከለክልዎትም። «እከፍላለሁ» የሚለውን ቃል ብቻ ያቆዩት። ሽማግሌ ከመጣ «ኢንሹራንሴ ባለበት እንነጋገር» ይበሉ። ኢንሹራንሱ ከተስማማ ዕርቁም ያምራል።

መኪናው ትራፊክ ፖሊስ ሳያየው ባይነሣ ይመረጣል። በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ታርጋዎቹን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ የጎማ ምልክቱን። ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ይደውሉ። ሕጉ የአምስት ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ ግን እስከዚያ መቆየት ለክርክር በር ይከፍታል። ጋራዥ ገብተው ጥገና አያስጀምሩ፤ መጀመሪያ ባለሙያቸው ያያል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይፈቀዳል። ክርክር ቢነሣ በውሉ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «ነገ ዛሬ» እየተባሉ ጊዜው እንዳያልፍ በየጊዜው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተቀበሉበትንም ያስፈርሙ።

10. እድሳት

ውሉ ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት የመኪናውን ዋጋ እንደገና ያጣሩ፤ ሦስተኛውን ደረጃ ይድገሙ። የሚያበቃበትን ቀን ልጆች ስልክ ላይ አስታዋሽ ይሙሉልዎ። ዋናውን ውል ቤት ያስቀምጡ፤ መኪናው ውስጥ ኮፒ፣ የቅርንጫፉ ስልክና የሦስተኛ ወገን ወረቀቱ ይበቃል። ከቤተሰብዎ መካከል አንድ ሰው የውሉ ፋይል የት እንዳለ ይወቅ። እርስዎ ሆስፒታል ቢተኙ የሚደውለው እሱ ነው።